ጸደይ ዓመት የነበረ ጊዜ

ቼኮች የዓመቱን ወቅቶች ያሮ፣ ሌቶ፣ ፖድዚም፣ ዚማ ብለው ይጠራሉ። ያሮ በረዶው ቀልጦ ዛፉ የሚያቆጠቁጥበት ጸደይ ነው። ሌቶ ሞቃቱ በጋ፣ ፖድዚም ቅጠል የሚረግፍበት መፀው፣ ዚማ ደግሞ ዝናብ ሳይሆን በረዶ የሚወርድበት ክረምት ነው። ጸደይ የሚለውን ስም እዚህ የምጠቀምበት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ባስቀመጡት ስፍራ ነው፤ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ። ዛሬ ብዙዎቻችን ጸደይ ሲባል የመስከረም አደይ አበባ በዓይናችን ይመጣል። የአውሮፓን ጸደይ ለመረዳት ግን የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር በጣም የቀረበ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያሮ የሚለው ቃል ነው። ቼክኛ የስላቭ ቋንቋ ስለሆነ፣ ቃሉን ለመመርመር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጎረቤቶቹን መጠየቅ ነው። ስለ ክረምት ከጠየቀ መልሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ፖላንዱ ዚማ ይላል፣ ሩሲያዊው ዚማ ይላል፣ ቡልጋሪያዊው፣ ሰርቡና ስሎቬኑም ዚማ ይላሉ። ስለ ጸደይ ሲጠይቅ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። ሩሲያዊው ቬስና፣ ፖላንዱ ቪዮስና ይላል። ሰርቡ ፕሮሌቼ፣ ቡልጋሪያዊው ፕሮሌት ይላል፤ ሁለቱም ከበጋው ስም የተሠሩ ናቸው። ስሎቬኑ ፖምላድ ይለዋል፤ በውስጡ ያለው ቃል ወጣት ማለት ነው። በጀርመን ምሥራቅ የሚኖሩት ሶርቦች የሚሉት ናሌቾም ከበጋ የወጣ ነው። ያሮ ብለው የሚጠሩት ቼኮች፣ ያር ብለው ደግሞ ወንድሞቻቸው ስሎቫኮች ናቸው።

አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ክረምትን ሁሉም በአንድ ስም እየጠራ ጸደይን እንዲህ በተለያየ ስም ሲጠራ አንድ ነገር ይነግረናል። ክረምት ጥንት፣ ስላቮች ሳይበታተኑ፣ ስሙ የጸና ወቅት ነበር። ጸደይ ግን ገና ቦታውን በጽኑ አልያዘም፤ ብዙዎቹ ሕዝቦች በኋላ በየራሳቸው መንገድ ሰየሙት። አንዱ የበጋ ዋዜማ አለው፣ ሌላው የወጣትነት ጊዜ አለው። ቼኮችና ስሎቫኮች ደግሞ ከጥንት የወረሱትን፣ ግን ሌላ ሥራ የነበረውን ቃል አነሡና ለጸደይ ሰጡት። ያሮ መጀመሪያ የዓመት ስም ነበር።

ይህን የምናውቀው ከዘመዶቹ ነው። በጀርመንኛ ዓመት ያር ይባላል። በእንግሊዝኛ ይር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተተረጎመበት የጎቶች ቋንቋ ዬር ነበር። የጥንቱ የፋርስ ሃይማኖታዊ መጻሕፍት በተጻፉበት በአቬስታ ቋንቋ ደግሞ ያር ገደማ የሚነበብ ቃል አለ፤ ትርጉሙም ዓመት ነው። ላቲን ሆርኑስ የሚል ቅጽል ነበረው፤ «የዘንድሮ» ማለት ነው፤ በሆዱ ውስጥ ይኸው ቃል ተደብቋል። ግሪክኛ ደግሞ ሆራ ይላል። ሆራ በጥንቱ ግሪክ ወቅት፣ የተወሰነ ጊዜ፣ በተለይም አበባና ፍሬ የሚታይበት ጊዜ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢጠራጠር ትክክል ነው። ያሮና ሆራ ምን ያገናኛቸዋል? ድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አያሳይም፤ እኛ ሆራ ስንል ቢሾፍቱን ወይም ከብት የሚጠጣውን የጨው ውኃ እናስባለን፤ ያ ሌላ ቤተሰብ፣ ሌላ ታሪክ ነው። የሥርወ ቃል ሊቃውንት የሚፈልጉት መመሳሰልን ሳይሆን ሥርዓት ያለው ልዩነትን ነው። በአንድ ቃል ላይ የታየው የድምፅ ለውጥ በሌሎች ቃላት ላይም በዚያው መልክ መገኘት አለበት።

ስለዚህ ጉበትን እንውሰድ። በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ጉበት ያክርት ነው፣ በላቲን የኩር፣ በግሪክኛ ሄፓር። ሳንስክሪትና ላቲን በ«የ» የሚጀምሩትን ግሪክ በ«ሀ» ይጀምረዋል። አሁን ስጦታን እንውሰድ። በግሪክኛ ዶሮን ነው፤ በቼክኛ ዳር። ግሪክ ረጅም «ኦ» ባለበት ቦታ ቼክኛ «አ» አለው። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ አድርገን ወደ ሆራ እንመለስ፦ የግሪኩ «ሀ» ወደ «የ» ይመለሳል፣ ረጅሙ «ኦ» ወደ «አ» ይለወጣል፣ «ረ» በቦታዋ ትቀራለች። የምናገኘው ያር ነው፤ የያሮ ግንድ። ማንም ሰው ይህን ለማስማማት ብሎ የፈጠረው አይደለም፤ ጉበትና ስጦታ ከወቅት ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም፣ ምስክርነታቸው የሚታመነውም ለዚህ ነው። የጀርመንኛው ቤተሰብ ቃል ከረጅም «ኤ» የመጣ ነው። ግን እሱም ቢሆን በስላቭ ቋንቋዎች ከ«የ» ቀጥሎ ሲመጣ ወደ «አ» ስለሚዞር፣ በሁለቱም መንገድ ደራሹ ያው ያር ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። የግሪኩ ሆራ ቀስ በቀስ ከወቅት ወደ ቀን ክፍል ወረደ፤ ሮማውያን ተዋሱት፤ ከላቲን ወደ ጣሊያንኛ ኦራ፣ ወደ ስፓኒሽ ኦራ፣ ወደ ፈረንሳይኛ ኧር ሆኖ ገባ፤ እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ወስደው አወር አሉት፤ ጀርመኖችም ዑር የሚሉት የእጅና የግድግዳ ሰዓት ከዚያው የመጣ ነው። እንግሊዛዊ «በዓመት ይህን ያህል ሰዓት» ሲል፣ ዓመት የሚለውን ከአያቶቹ በቀጥታ ወርሶት፣ ሰዓት የሚለውን በአቴናና በሮም በፓሪስም አዙሮ አምጥቶት፣ አንዱን ጥንታዊ ቃል ሁለት ጊዜ እየጠራ ነው። ቼኩ ደግሞ ያንኑ ቃል ለጸደይ አስቀረው። አንድ ቃል በአንድ አገር አሥራ ሁለት ወር፣ በሌላው ሦስት ወር፣ በሌላው ስድሳ ደቂቃ ሆነ።

እንዴት ዓመት የነበረው ቃል ወደ ጸደይ ተጠጋ? መልሱ ማሳው ላይ ነው። ቼክ ገበሬ ሁለት ዓይነት እህል ያውቃል። በመፀው ተዘርቶ በረዶ ሥር ከርሞ የሚበቅለው ኦዚም ይባላል፤ ስሙ ከዚማ ነው። በረዶው ሲለቅ ተዘርቶ በዚያው በጋ የሚታጨደው ደግሞ ያርዢና ይባላል፤ ስሙ ከያሮ ነው። ያርዢና የዚያው ዓመት እህል ነው፤ ዘንድሮ ተዘርቶ ዘንድሮ የሚበላ። ሩሲያውያን ጸደይን ቬስና ቢሉትም የጸደይ ዘሩን ግን ያሮቮይ ይሉታል። ቃሉ በወቅቱ ስም ላይ ተሸንፎ በእርሻው ላይ ግን ጸንቷል። በስላቭ ቋንቋዎች ያርካ የምትባል ደግሞ አለች፤ በዚያው ጸደይ የተወለደች ጠቦት ናት። የዘንድሮ እህል፣ የዘንድሮ ጠቦት። ላቲኑ ሆርኑስም «የዘንድሮ» ማለቱን እናስታውስ። «ዘንድሮ» በእርሻ ሰው ዓይን የሚጀምረው አዲስ ነገር ሲወለድና አዲስ ዘር መሬት ሲነካ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ ስም ወደ ዓመቱ መግቢያ ተሰበሰበ።

ይህ የጸደይ ዘር እስከ ዛሬ ለቼኮች ትልቅ ነገር ነው። ቢራቸው የሚጠመቅበት ብቅል በዋነኛነት ከጸደይ ገብስ የሚገኝ ነው፤ በሞራቪያ ያለው የሃና ሜዳ በዚህ ገብስ ስሙ የታወቀ ነው። በ1842 ፒልዘን ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠመቀው ወርቃማ ቢራ የዓለምን የቢራ መልክ ቀየረ። የገብሱ ስም ግን ያርኒ ነው፤ ያሮ አሁንም በማሳው ላይ አለ።

ዓመትን በአንድ ወቅቱ መጥራት የያሮ ብቻ ጠባይ ቢሆን ኖሮ እንደ አጋጣሚ ባየነው ነበር። ግን እዚያው ቼክኛ ውስጥ ወንድም አለው። ሌቶ በጋ ነው፤ ዓመትም ነበር። ቼክ አንድ ዓመት ሲል የደን ሮክ ይላል፤ ሁለት ዓመት ሲል ድቫ ሮኪ ይላል፤ አምስት ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ይለውጥና ፕየት ሌት ይላል፤ «አምስት በጋዎች» እንደ ማለት ነው። የዜና መዋዕል መጽሐፍ ሌቶፒስ ይባላል፣ የዘመን አቆጣጠር ሌቶፖቼት፣ ዘንድሮ ደግሞ ሌቶስ። ሩሲያዊውም ከአምስት ዓመት ጀምሮ ሲቆጥር ሌት ይላል። ዕድሜን በበጋ መቁጠር በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል፤ ተናጋሪው ልብ ባይለውም እንኳ በየቀኑ ይለዋል።

ጸደይ በጥንቱ የስላቮች ዓመት ውስጥ የራሱ ወንበር እንዳልነበረው የሚያሳይ ሌላ ምስክር ከገጠር በዓል ይገኛል። በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ በቦሔሚያና በሞራቪያ መንደሮች ስምርትና ኔድዬሌ ይባላል፤ የሞት እሑድ። ልጃገረዶች ከገለባ የተሠራች፣ ያረጀ የሴት ልብስ የለበሰች ምስል ይሠራሉ፤ ሞራና ወይም ማርዤና ወይም በቀጥታ ሞት ይሏታል። ከመንደር ያስወጧትና ያቃጥሏታል ወይም ወንዝ ውስጥ ይጥሏታል። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤዎች ገና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልማድ ከልክለው ነበር፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው የሚቀጥለው ነው። ሞትን ጥለው ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ በሪባንና በቀለም እንቁላል ያጌጠ ለምለም ቅርንጫፍ ወይም ትንሽ ዛፍ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ያ ዛፍ ሌቶ ወይም በፍቅር ስሙ ሌቴችኮ ይባላል። በረዶው ገና ከተራራው ሳይወርድ፣ በመጋቢት፣ ወደ መንደር የሚገባው በጋ ነው። ክረምት ወጣ፣ በጋ ገባ። ጸደይ በመካከላቸው አልተጠራም።

ዚማስ? ዚማ ከስላቮች አልፎ በጣም ሩቅ የሄደ ቃል ነው። የሊቱዌንያው ዢየማ፣ የላቲኑ ሂየምስ፣ የግሪኩ ኬይሞን ሁሉም ክረምት ናቸው፤ የሳንስክሪቱ ሂማ በረዶ ነው፤ ሂማላያም የበረዶ ማደሪያ ማለት ነው። ክረምትም ዓመት ሆኖ ተቆጥሯል። ላቲኖች ሁለት ዓመት የሞላውን እንስሳ ቢሙስ ሲሉ «ሁለት ክረምት ያየ» ማለታቸው ነው። በግሪክ ተረት አንበሳና ፍየል እባብም የተቀላቀሉባት ኪማይራ የተባለችው አውሬ ስሟ በመጀመሪያ አንዲት ተራ ፍየል ነበር፤ አንድ ክረምት ያለፈላት ሴት ፍየል።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ሲደርስ እንግድነት ሊሰማው አይገባም። በግዕዝ ክረምት ዝናቡንም ወቅት ዓመትንም ይጠራል። አማርኛ የዓመትን ስም ለሌላ ቃል ቢሰጥም ከረመ የሚለውን ግስ አልለቀቀም። በሚመጣው ዓመት ለማለት ከርሞ እንላለን፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ያለው ዓመት። ብዙ ጊዜ ያላየነውን ሰው እንዴት ከረምክ ብለን የምንጠይቀው የዝናቡን ወራት ብቻ አይደለም። የቼክና የአማርኛ ቃላት የደም ዝምድና የላቸውም፤ የአንዱ ቤተሰብ ሕንድ-አውሮፓዊ፣ የሌላው ሴማዊ ነው። የሚጋሩት አስተሳሰቡን ነው። ገበሬና እረኛ ዓመትን የሚቆጥረው ሕይወቱ በተመዘነበት ወቅት ነው፤ ላንዱ ብርዱ፣ ላንዱ ዝናቡ፣ ላንዱ የዘሩ ጊዜ። ያሮን ከሌሎቹ የሚለየው ዓመትነቱን ከጊዜ በኋላ ለሌላ ቃል አስረክቦ ወቅትነቱን ብቻ ይዞ መቅረቱ ነው።

ዓመትነቱን የተረከበው ሮክ የሚባለው ቃልም ታሪክ አለው። ሮክ ከመናገር ግስ የወጣ ነው፤ መጀመሪያ ተነጋግረው የወሰኑት ቀን፣ ለሸንጎ የተቀጠረ ቀጠሮ ነበር። ቼኮችና ፖላንዶች የቀጠሮን ቃል ዓመት አደረጉት። ሩሲያውያን ደግሞ ጎድ የሚለውን መረጡ፤ ትርጉሙ ምቹ ጊዜ፣ የተመቸ ሰዓት የነበረ ነው። ይኸው ጎድ በቼክኛ ሁለት ልጆች አሉት፦ ሆድ (ከእኛ ሆድ ጋር የማይገናኝ) ታላቅ የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው፤ ሆዲና ደግሞ ሰዓት ነው። ስለዚህ ስላቮችም፣ ግሪኮች ሆራን ከወቅት ወደ ሰዓት እንዳወረዱት፣ ከአንድ ቃል በአንድ በኩል ዓመትን በሌላ በኩል ሰዓትን አወጡ። ሁለቱ ጎሣዎች ተመካክረው አይደለም።

የቃል ታሪክ ሁልጊዜ እንዲህ ንጹሕ አይደለም። ያሪ የሚል ቅጽል አለ፤ በቼክኛ ብርቱ፣ ትኩስ፣ ጉልበቱ ያልደከመ ማለት ነው፤ በሩሲያኛ ያለው አቻው ቁጡ ማለት ነው። ያሮስላቭ፣ ያሮሚር፣ ያርሚላ የሚባሉት ስሞች የተሠሩት ከዚህ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቦሔሚያን የገዛ ያሮሚር የተባለ መስፍን ነበር፤ በኪየቭ ደግሞ ጠቢቡ ያሮስላቭ ነገሠ፤ በ1984 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመው ቼካዊ ባለቅኔ ያሮስላቭ ሳይፈርት ነው። ዛሬ ልጁን ያርሚላ ብሎ የሚጠራ ቼክ በልቡ ጸደይ አለ። ሊቃውንቱ ግን ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ ብርታትና ጸደይ ከአንድ ግንድ ናቸው ይላሉ፤ ሌሎቹ ሁለት የተለያዩ ጥንታዊ ቃላት በድምፅ ለውጥ ተገናኝተው መንታ መሰሉ ይላሉ።

እኔ ሁለተኞቹ ያመዝናሉ ብዬ አምናለሁ፤ የቁጣው ቃል ከግሪክኛው ዞሮስ፣ ውኃ ያልተቀላቀለበት ኃይለኛ ወይን ከሚባልበት ቃል ጋር ይበልጥ ይሄዳል። ነገር ግን ተራው ሰው ሁለቱን ማገናኘት የጀመረው ዛሬ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥንታዊ ታሪክ አለ። በ1128 የባምበርግ ጳጳስ ኦቶ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ያሉትን ስላቮች ለማጥመቅ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ፣ ቮልጋስት በምትባል ከተማ ገሮቪት የሚባል አምላክ ይመለክ ነበር። በአካባቢው አጠራር ያሮቪት ነው። የኦቶን ገድል የጻፉት መነኮሳት ይህን አምላክ ከሮማው የጦርነት አምላክ ከማርስ ጋር አመሳስለውታል፤ በመቅደሱም ማንም ሊነካው የማይደፍር ትልቅ ጋሻ ተሰቅሎ ነበር። በሌላ በኩል አንድ የጣዖቱ ካህን አምላኩን መስሎ ለአንድ ገበሬ በጫካ ተገለጠና ሜዳውን በሣር ዛፉን በቅጠል የማለብስ እኔ ነኝ ብሎ እንዳስፈራራው እነዚሁ መነኮሳት ይተርካሉ። ጋሻና ቅጠል፣ ቁጣና ልምላሜ፣ በአንድ ስም። ቃላቱ በትውልድ መንታ ባይሆኑም ያመለኳቸው ሰዎች አንድ አድርገዋቸዋል፤ በቃል ታሪክ ውስጥ ይህም እንደ ትውልድ የሚቆጠር ነገር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሮ አንድ ተቀናቃኝ ገጠመው። ያን ጊዜ ቼክኛ በጀርመንኛ ሥር ከመጥፋት ለመዳን የሚታገልበት ዘመን ነበር። ምሁራኑ ለቋንቋቸው ጥንታዊ ግርማ ፈለጉለት። በ1817 ቫትስላቭ ሃንካ የተባለ የቋንቋ ሰው በድቩር ክራሎቬ ከተማ ቤተ ክርስቲያን የመካከለኛው ዘመን ብራና አገኘሁ አለ። ቼኮች የራሳቸው ጥንታዊ የጀግና ግጥም እንዳላቸው ያሳያል ተብሎ በደስታ ተቀበሉት። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ቬስና የሞራና ተቃራኒ ሆና ትታያለች፤ የሕይወት መጀመሪያ ከሕይወት መጨረሻ ጋር። ቬስና ከምሥራቅ ስላቮች የታወቀው የጸደይ ስም ነው፤ ከላቲኑ ቬርና ከሳንስክሪቱ ቫሳንታ ጋር ይዛመዳል፤ በሊቱዌንያ ደግሞ የዚያው ግንድ ልጅ ቫሳራ በጋ ሆኗል። ቃሉ እውነተኛ ነው፤ ብራናው ግን ሐሰተኛ ነበር። በ1886 ያን ጌባወር የተባለው የሰዋስው ሊቅ ስሕተቶቹን እየነቀሰ አቴኔዩም በተባለው መጽሔት ጻፈ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ቶማሽ ማሳሪክ ነበር፤ በ1918 የቼኮስሎቫኪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው። አገር ወዳዶች ሁለቱንም ከሃዲ ብለው ሰደቧቸው። ማሳሪክ የአንድ ሕዝብ ክብር በሐሰት ላይ ሊቆም አይችልም በሚለው አቋሙ ጸና፤ ይህ ጽናት ከማንኛውም ብራና በላይ ክብር ያለው ይመስለኛል። ቬስና እስከ ዛሬ በግጥምና በሥዕል ውስጥ በአበባ ያጌጠች ልጃገረድ ሆና ትኖራለች። በመንገድ ላይ፣ በገበያ፣ በአየር ትንበያ ግን ሰው የሚለው ያሮ ነው።

ፖድዚምን ለማለፍ አልችልም፤ ታሪኩ ግን አጭር ነው። አብዛኞቹ ስላቮች መፀውን ከመከር ጋር በተዛመደ ጥንታዊ ቃል ይጠሩታል፤ ስሎቫኩ የሴን፣ ሩሲያዊው ኦሴን ይላል፤ በጎቶች ቋንቋ ዘመዱ አሳንስ መከር ነበር። ጥንታዊ ቼክኛም የሴን ነበረው። ከዚያ ተወውና ፖድዚም አለ፦ ከክረምት በታች፣ ክረምት ሥር። ቼክ የማምሻውን ሰዓት ፖድቬቸር፣ ከምሽት ሥር፣ እንደሚለው ማለት ነው። እንግዲህ የቼኮች ዓመት ሁለት ጽኑ ወቅቶችና ሁለት መሸጋገሪያዎች አሉት። ሰዋስዋቸውም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ በበጋና በክረምት ሲሉ «ውስጥ» የሚያሰኘውን መስተዋድድ ይጠቀማሉ፣ በጸደይና በመፀው ሲሉ ግን «ላይ» የሚያሰኘውን።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያሮ ወደ ዓለም ጋዜጦች ሁሉ ገባ። በ1946 ፕራግ ውስጥ ፕራዥስኬ ያሮ፣ የፕራግ ጸደይ፣ የተባለ የሙዚቃ በዓል ተጀመረ፤ በየዓመቱ ሜይ 12፣ አቀናባሪው ቤድርዢክ ስሜታና በ1884 ባረፈበት ዕለት ይከፈታል። በ1968 ደግሞ ያው ስም ለፖለቲካ ተሰጠ። አሌክሳንደር ዱብቼክ የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ የሆነው በጃንዋሪ 5 ነው፤ ፕራግ በበረዶ ሥር ባለችበት ወቅት። የቅድመ ሕትመት ምርመራ ላላ፣ ሰዎች ሳይፈሩ መነጋገር ጀመሩ፣ ጋዜጦች እውነት ጻፉ። የሶቪየትና የዋርሶ ስምምነት አገሮች ታንኮች ድንበሩን የተሻገሩት ኦገስት 20 ለ21 አጥቢያ፣ በበጋው መጨረሻ ነው። ከክረምት እስከ በጋ ያለው ያ ስምንት ወር ገደማ በሙሉ ያሮ ተባለ። ስሙን የሰጡት ሰዎች የሥርወ ቃል መጽሐፍ አላገላበጡም። ቃሉ ግን የቀን መቁጠሪያውን ወሰን ጥሶ፣ አንድ ሕዝብ የሚያስታውሰውን ሙሉ ዘመን የመሸከም የጥንት ኃይሉን መልሶ አገኘው።

ፕራግ ውስጥ የያሮ ሌላ ዘመድ አለች። በአሮጌው ከተማ አደባባይ በማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ በ1410 የካዳኙ ሚኩላሽ የሠራው የሰማይ ሰዓት ቆሟል። ቼኮች ተራውን ሰዓት ሆዲኒ ይሉታል፤ እንዲህ ያለውን የሰማይ ሰዓት ግን ኦርሎይ ይሉታል። ኦርሎይ የላቲኑ ሆሮሎጊዩም ነው፤ እሱም ከግሪክ ሆራ የወጣ ነው። ከሰሜን በቀጥታ የመጣው ያሮና ከደቡብ በግሪክና በሮም ዞሮ የመጣው ኦርሎይ ቦሔሚያ ላይ ተገናኙ፤ ለውጣቸው ግን ያን ያህል ስለበዛ ከሊቃውንት በቀር ዝምድናቸውን የሚያውቅ የለም።

ኦርሎይ ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በጠርዙ ያለው ቀለበት ከ1 እስከ 24 የጥንቱን የቼክ ሰዓት ያሳያል፤ ቀኑ የሚያልቀው ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሆን ከዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ይባላል። ማታ አንድ ሰዓት የሚል ኢትዮጵያዊ በዚያ ዘመን ፕራግ ቢገባ በዚህ ላይ አይደናገርም ነበር። ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥም ቀለበቱ በዓመቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወደ ውስጥ በታጠፉ ወርቃማ መስመሮች የተከፈለ ሌላ አቆጣጠር አለ፤ ይህ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ፣ ቀኑ ረዘመም አጠረም፣ ሁልጊዜ በ12 እኩል ይከፍለዋል። በፕራግ የረጅሙ የጁን ቀን ብርሃን ከ16 ሰዓት በላይ ነው፤ የዲሴምበሩ አጭር ቀን 8 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በእነዚያ መስመሮች ላይ አንዱ ሰዓት በጁን 80 ደቂቃ ገደማ፣ በዲሴምበር 40 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሰዓቱ ርዝመቱን አሁንም የሚወስደው ከወቅቱ ነው።